ሦስተኛ ወገን

ሰውየው ሲመጣ ፖርቶ ይዘንባል፣
ጃንጥላው ደጄ ላይ ቆሞ ያነባል።
ሴኞር ሰርዴይራ ነው፣ የመድን ወኪሉ፣
ሦስት ፎቅ ወጥቶ ያለቀበት ኃይሉ።

«ስም?» አለኝ። «ዱዋርቴ።» «ሥራ?» «ድምፅ አጥባለሁ።»
ቀና ብሎ አየኝ። «ማለቴ… እቀርጻለሁ፣
እቆርጣለሁ፣ ሳልና ምራቅ እለቅማለሁ፣
ሰው ያነበበውን ለሰው ጆሮ አደርሳለሁ።»

ዓይኑ ክፍሉን ዞረ፤
ብርድ ልብስ የለበሰ ግድግዳ ቆጠረ፤
ቁምሳጥኑን አየ፣ በሩ የወለቀ፣
በአሮጌ ካፖርት ሆዱ የታነቀ።
እዚያ ውስጥ ተቀምጠው ሰዎች ያነባሉ፣
ካፖርቶቹ ደግሞ ማሚቶ ይውጣሉ።

«ማይክሮፎን?» «ሁለት። የአንዷ ብድር አላለቀም።»
«የመለያ ቁጥሯ?» እኔማ አላውቅም።
ገለበጣት፤ መነጽሩን ሰካና
በቅሎ እንደሚገዛ ጥርሷን አየና
ጻፈ።
«እሳት?» አለኝ። «አዎ።» «ስርቆት?» «አዎ።» «ውኃ?»
ከጣሪያው
      ጠብ፣
            ቅጹ ላይ።
መልሱን ራሱ ሰጠ ውኃ።

«ያለህ የቤት መድን አልጋህን ይሸፍናል፣
ድስትህን፣ ምንጣፍህን፣ ሶፋህን ያቅፋል፤
ገንዘብ የሚያገባ ዕቃ ግን፣ ዱዋርቴ፣
የቤት ዕቃ አይደለም።»
                  ያም ቤቴ፣ ይሄም ቤቴ!
በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት ቤት ኖሮኛል፤
ትራሴ ዋስ አለው፣ ማይኬ ብቻውን ያድራል።

«ይህ ዲስክስ?» «ሰማንያ ዩሮ።» «ውስጡ ምን ያወጣል?»
የአንድ ዓሣ አጥማጅ ድምፅ፤ ከሞተ ዓመት አልፎታል።
ልጁ ላከችልኝ፦ «ነፋሱን አውጣልኝ፣
ትንፋሹን ግን አደራ፣ እንዳትነካብኝ።»
ይህን በስንት ልተምን? ሰርዴይራ ጠበቀ፣
«ባዶ ዲስክ» ብሎ ሞላው፤ ቀለሙ ደረቀ።

«አሁን ሦስተኛ ወገን።»
አንደኛው ወገን እኔ፣ ሁለተኛው እነሱ፤
ሦስተኛውስ ማን ነው? «ቤትህ የሚደርሱ፣
ገመድህ ጠልፏቸው የሚሰበሩብህ፣
ወይም ሥራህ አክስሯቸው የሚከሱህ።
ከዚህ በፊት የደረሰ አደጋ አለ?»

የባሕር ወፍ ጮኸች መስኮቴ ላይ ቆማ፣
(ሥራዬን ስታበላሽ የኖረች ደመኛ)፣
አሁን ግን ባትቆም፣ ባትተወኝ ወደድሁ።
ዝም አልሁ።

ዶና ኤርሜሊንዳ፣ ሰባ ስምንት ዓመታቸው፣
ድምፃቸው ግን ሠላሳም አይሞላቸው፣
ከቁምሳጥን ሲወጡ ውኃ ሊጠጡ ብለው
ገመዴ ጠለፋቸው።
ቀረጻው አልቆመም።
ድው ይላል። ጸጥ ይላል። ለቅሶ ግን የለም፤
ሳቅ ነው። «የእጄ አንጓ ነው እንጂ፣ ልጄ፣
ዓረፍተ ነገሩ አልተሰበረም።»

አልከሰሱኝም። እንዲያውም ከሆስፒታል ደውለው
«ገጽ አርባ ላይ ነን፣ እንዳትረሳ» አሉኝ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።
ያቺን ድውታ ስንቴ ልሰርዛት ብዬ
ቁልፉ ላይ ቀረብኝ ጣቴ።

ሰርዴይራ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሣ፦
«የጠየቀህ ከሌለ፣ ምኑ ይነሣ?
አረቦኑም ይቀላል።» ደግ ሰው ነው፤ ጥቅሻም ጣል አደረገ።
እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ድምፅ ላይ
ጉድፍ ስለቅም ኖሬ፣ ይቺን ጉድፍ ስትታይ
እጄ እምቢ አለ።
«አለ። ጻፈው» አልሁት።
ጻፈ። በወር አሥራ አንድ ዩሮ ጨመረ።
ቅጹ «ሦስተኛ» ይበላቸው ግዴለም፤
«ወገን» ብሎ መሰከረ።

ሲሄድ ገመዴን ከወለሉ ጋር ለጠፍሁት፣
ጥቁር ፕላስተር፣ ከበር እስከ ቁምሳጥን ዘረጋሁት።
ጠብታው ሥር ባልዲ፣ ባልዲው ውስጥ ፎጣ፣
ድምፁ እንዳይወጣ።

ማክሰኞ መጡ፣ ክንዳቸው በጀሶ፣
ፕላስተሩን አዩት። «መንገድ ሠራህልኝ ደግሞ?»
ገቡ። ካፖርቶቹ መሐል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁ። «ከየት ልጀምር?» አሉ፣
መልስም አልጠበቁ፦
«ከወደቅሁበት።»